ዘሩ ነው ወይስ ዝናቡ? ስለ ነጻና ጥገኛ ተለዋዋጮች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት

ከአዳማ ወደ መተሐራ የሚዘልቀው የጅቡቲ መንገድ ወለንጪቲን ሰንጥቆ ያልፋል። የቦሰት ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ድሮ በባቡር ጣቢያዋ፣ ዛሬ ደግሞ በማያቋርጠው የከባድ መኪና ጉዞ ትታወቃለች። ከቤቶቹ ወጣ ሲባል ግን ወሬው ሁሉ ስለ ዝናብ ነው። ግራና ቀኝ የጤፍ፣ የበቆሎ፣ የማሽላና የቦለቄ ማሳ ይታያል፤ ከማሳው ወዲያ ግራር፣ ከግራሩ ወዲያ የቦሰት ተራራ። ሰኔ ላይ ደመና ሲከብድ ተስፋ ያደረገ ገበሬ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰማዩ ከጠራበት ማሳው ዳር ቆሞ ይተክዛል።

መኸር ሲደርስ አንድ የታወቀ ክርክር ይነሣል። ማሳቸው ኩታ ገጠም የሆነ ሁለት ጎረቤታሞች ይታሰቡ። አንደኛው በዚያ ዓመት አዲስ የበቆሎ ዘር ዘርቷል፤ ሁለተኛው አባቱ ሲዘራው የኖረውን። የአንደኛው ማሳ ጥሩ ያዘ፤ የሁለተኛው ገና ሳያፈራ ጠወለገ። «ዘሩ ነው» ይላል የመጀመሪያው። «የለም፣ አንተ በሳምንት ቀድመኸኛል፤ የመጀመሪያውን ዝናብ አግኝተሃል» ይላል ጎረቤቱ። ከአጠገባቸው ያሉ ሽማግሌ ያ መሬት ድሮ የከብት በረት እንደነበረና ፍግ የጠገበ መሆኑን ያስታውሳሉ። ሌላው ማዳበሪያውን ያነሣል። ቡናው ተጠጥቶ ያልቃል፣ ክርክሩ ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

አራቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ማሳ ከጎረቤቱ ማሳ የተለየው በአራት ነገር ነው፤ ዘሩም፣ የተዘራበት ቀንም፣ መሬቱም፣ ማዳበሪያውም አብረው ተለውጠዋል። አራት ነገር በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ምርቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማሳውን በማየት ብቻ ሊናገር የሚችል ሰው የለም። የዚህ ንግግር ዓላማም ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ክርክር ለመፍታት የሚጠቀሙበትን ቀላል ግን ብርቱ መሣሪያ ለሁሉም ሰው ግልጽ ማድረግ ነው።

ተለዋዋጭ ማለት ከሰው ሰው፣ ከቦታ ቦታ ወይም ከጊዜ ጊዜ መጠኑ ወይም ዓይነቱ የሚለያይ ማንኛውም ነገር ነው። የዝናብ መጠን ተለዋዋጭ ነው። የዘር ዓይነት፣ የልጅ ዕድሜ፣ ቤቱ ከወንዝ ያለው ርቀት፣ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ሁሉ ተለዋዋጮች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ተመራማሪው ራሱ የሚቀይረው፣ ወይም ልዩነቱን መነሻ አድርጎ የሚይዘው ነጻ ተለዋዋጭ ይባላል። ያ በመለወጡ የተነሣ ይለወጥ እንደሆነ ተብሎ የሚለካው ደግሞ ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኢንዲፔንደንት ቫሪያብልና ዲፔንደንት ቫሪያብል የሚሏቸው እነዚህኑ ነው።

ስያሜው አንዳንድ ሰው ያሳስታል። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ጥገኛ» የሚለው ቃል ክብር የለውም፤ ጥገኛ ተውሳክ ይባላል፣ በሰው ጫንቃ የሚኖርም ጥገኛ ይባላል። በምርምር ግን ጥገኛው ተለዋዋጭ ጥናቱ በሙሉ የተነሣለት ጉዳይ ነው፤ የገበሬው ምርት፣ የልጁ ጤና፣ የተማሪዋ ውጤት። ጥገኛ የተባለው መልሱ በሌላው ነገር ላይ ስለሚንጠለጠል ነው።

ሁለቱን ለመለየት አማርኛ ራሱ ጥሩ መንገድ አለው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሁኔታውን አስቀድሞ፣ ውጤቱን በማሰሪያ አንቀጽ ይዘጋል። «ዘሩ ሲለወጥ ምርቱ ምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ሲለወጥ» ከሚለው ጋር የተቀመጠው ነጻው ተለዋዋጭ ነው፤ «ምን ይሆናል» የሚለው የሚጠብቀው ደግሞ ጥገኛው። አንድ ተማሪ የጥናቱን ርዕስ በዚህ መልክ መጻፍ ካቃተው፣ ገና ያልጠራ ጥያቄ ይዟል ማለት ነው።

በዚህ ላይ መረሳት የሌለበት ነገር አለ። ነጻነትና ጥገኝነት የነገሩ ተፈጥሮ አይደሉም፤ በጥያቄው ውስጥ የተሰጠው ቦታ ናቸው። «ማዳበሪያ ሲጨምር ምርት ምን ይሆናል?» በሚለው ጥያቄ ማዳበሪያ ነጻ ነው። «የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ገበሬው የሚገዛው መጠን ምን ይሆናል?» ሲባል ግን ያው ማዳበሪያ ቦታውን ቀይሮ ጥገኛ ሆኗል። ከረጢቱ ያው ነው፣ ዩሪያውም ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው የተለዋዋጮችን ዝርዝር በቃሉ ቢያጠናም፣ አዲስ ጉዳይ ሲገጥመው ይደናገራል።

የወለንጪቲው ክርክር መልስ የሚያገኝበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ከአዳማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ አዋሽ መልካሳ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ላይ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ዝናብ አጠር ለሆኑ አካባቢዎች የሚስማሙ የበቆሎ፣ የማሽላና የቦለቄ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረ ተቋም ነው፤ «መልካሳ-2» የተባለው በቆሎና «አዋሽ-1» የተባለው ነጭ ቦለቄ ከዚያ የወጡ ናቸው። አንድ ዝርያ ስም አግኝቶ ገበሬ እጅ ከመግባቱ በፊት በልዩ ልዩ ቦታዎችና በተለያዩ ዓመታት ይፈተናል።

ፈተናው እንዲህ ነው። አንድ መሬት በገመድና በችካል እኩል እኩል ተከፋፍሎ ትናንሽ መደቦች ይወጡለታል። የሚወዳደሩት ዝርያዎች በመደቦቹ ላይ ይዘራሉ። የሚዘሩት በአንድ ቀን ነው። ማዳበሪያው፣ በተክልና በተክል መካከል ያለው ርቀት፣ የአረሙ ጊዜ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። እንዲለያይ የሚፈቀድለት ዘሩ ብቻ ነው። ከሚወዳደሩት አንዱ ገበሬው የለመደው ዝርያ መሆን አለበት፤ ይህ ማነጻጸሪያ ይባላል። ማነጻጸሪያ የሌለው ፈተና «አዲሱ ዘር ይህን ያህል ሰጠ» ሊል ይችላል፤ «ከድሮው ይልቅ» የሚለውን ቃል ግን ሊጨምር አይችልም።

መሬቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ወደ ታች ያለው ጥግ ውሃ ይይዛል፣ የላይኛው ጭንጫ ነው፣ ወደ መኖሪያ ቤት የተጠጋው አመድና ፍግ ጠግቧል። ተመራማሪው የሚወደውን ዝርያ ሳያስበው እንኳ ለሙ ጥግ ላይ ሊዘራው ይችላል። ይህን አድልዎ የሚያስወግደው መንገድ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነው፤ ዕጣ። ዕቁብተኞች ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ የሚለዩት ዕጣ ዘመድ ስለማያውቅ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ሮታምስቴድ በተባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ ሲሠራ የደረሰበት ቁም ነገር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሙከራ አነዳደፍ ባሳተመው መጽሐፍም አስፋፍቶ አብራርቶታል። የትኛው ዘር በየትኛው መደብ ላይ እንደሚያርፍ ዕጣ ከወሰነ፣ የመሬቱ ለምነት ለማንም አያደላም። አንዱ ዝርያ በአጋጣሚ ደህና መደብ ቢደርሰው እንኳ፣ ፈተናው በብዙ መደብ ስለሚደጋገም ዕድሉ ለሁሉም ይዳረሳል።

የቀደሙት ሁለት ጎረቤታሞች ያጡት ይህን ነው። ለእያንዳንዱ ዘር የነበራቸው አንድ አንድ መደብ ነበር፤ መደቡን የመረጠው ዕጣ ሳይሆን ውርስ ነው፤ የዘሩበት ቀንም የተለያየ ነው።

ዘርና ቀን ከተለያዩ በኋላም ሌላ ውስብስብ ነገር ይቀራል። ማዳበሪያ ሰብል እንዲያድግ ያደርጋል ሲባል ትክክል ነው፤ ሆኖም ተክሉ ማዳበሪያውን የሚወስደው በአፈሩ ውስጥ ባለው ውሃ አማካይነት ነው። ስለዚህ ዝናብ በበቂ በሚጥልበት ደጋ ምርት የሚያትረፈርፈው ያው መጠን፣ ነሐሴ ላይ ዝናብ በሚቋረጥበት ማሳ ላይ ገበሬውን ባለ ዕዳ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል። ማዳበሪያ በምርት ላይ ያለው ኃይል ራሱ በእርጥበት መጠን ይለያያል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አገር «ማዳበሪያ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጎደሎ ነው፤ «እርጥበቱ ምን ያህል ሲሆን?» የሚል ተጨማሪ ይፈልጋል። በደረቅ አካባቢዎች ትልሙን በየተወሰነ ርቀት በአፈር እየዘጉ የዝናቡን ውሃ ማሳው ውስጥ የማስቀረት ዘዴ የሚጠናውም ለዚህ ነው። ውሃው ከማሳው ሳይወጣ ሲቀር ማዳበሪያውም ዋጋ ያገኛል።

ፓኬጅ የሚባለው አሠራርም እዚህ ላይ ሊታይ ይገባዋል። የተሻሻለ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ፣ በመስመር መዝራት፣ የዘር መጠን መቀነስ በአንድነት ለገበሬ ይቀርባሉ። ጤፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የለቀቀው «ቁንጮ» ዝርያ በገበሬው ዘንድ በሰፊው ተወዳጅ ሆነ፤ ከዚያም በመስመር መዝራት በዘመቻ መልክ መጣ። በብተና ሲዘራ የሚፈጀው ብዙ ዘር በመስመር ሲሆን በጣም ይቀንሳል። ምርቱ ሲጨምር የጨመረው በዝርያው ነው፣ በመስመሩ ነው፣ በዘሩ መሳሳት ነው ወይስ በማዳበሪያው? ገበሬው ሁሉንም ከወሰደ ለጎተራው ልዩነት የለውም። በመስመር መዝራት ግን ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ የሰው ጉልበት ያጠራት እማ ወራ ከፓኬጁ አንዱን ብቻ መውሰድ ብትፈልግ የትኛውን ትያዝ? ይህን ሊነግራት የሚችለው ነጻ ተለዋዋጮቹን አንድ በአንድ ነጥሎ የፈተነ ጥናት ብቻ ነው።

ጥገኛው ተለዋዋጭም ምርጫ ይፈልጋል። «ምርት» ሲባል ምን እየተለካ ነው? በሄክታር የተገኘው ኩንታል እህል? ቦሰት ላይ ከብት ያለው ገበሬ ለገለባውና ለአገዳውም እኩል ያስባል፤ በበጋ ከብቱን የሚያቆይለት እሱ ነው። ቁመተ አጭር የማሽላ ዝርያ ድርቅን አምልጦ ቶሎ ቢደርስና እህል ቢሰጥ፣ ተመራማሪው ደስ ይለዋል፤ ገበሬው ደግሞ አገዳውን አይቶ ሊተወው ይችላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የለኩት የተለያየ ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው። ጥናት ከመጀመሩ በፊት «ለእናንተ ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ገበሬውን መጠየቅ ከይሉኝታ የሚደረግ ነገር ሳይሆን የሙከራው አንድ አካል ነው።

ከአንድ አጋጣሚ ተነሥቶ እስከ ሙከራ ለተጓዘ ምርምር ኢትዮጵያ የራሷ ትልቅ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ደረሰ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ከማጠቢያው ቦታ ሞተው ሲንሳፈፉ፣ ከዚያ ወደ ላይ ያሉት ግን በሕይወት እንዳሉ አየ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «እንዶዱ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። አክሊሉ ግን በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ከላይ ወስዶ በዕቃ ውስጥ ካደረጋቸው በኋላ የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረገ። ሞቱ።

ይህ ትንሽ ድርጊት ከምልከታ ወደ ሙከራ የተሻገረበት ቅጽበት ነው። በወንዙ ውስጥ እንዶድ ብቻ አልነበረም፤ የልብስ እድፍ ነበረ፣ የውሃው መረበሽ ነበረ፣ የሰው እግር ነበረ። በዕቃው ውስጥ ግን የተጨመረው እንዶዱ ነው። እንዶድ ነጻ ተለዋዋጭ ሆነ፤ የቀንድ አውጣው መሞትና መኖር ጥገኛ። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ሰዓት ይገድላል የሚለው መጠን በላቦራቶሪ ተለካ። አክሊሉ አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

በአድዋ ከተማ ለዓመታት እንዶድ በወንዞቹ ላይ ተሠራበት። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ጥገኛው ተለዋዋጭ በሕፃናት ላይ መለካቱ ብልህነት ነው። የቢልሃርዝያ ትል በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ አዋቂውን መመርመር የቆየውን መያዝ ከአዲሱ አይለይም። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ሕፃን ግን የአሁኑን ወንዝ ብቻ ነው የሚያውቀው። ያው በሽታ በስምጥ ሸለቆው ባሉ የመስኖ እርሻዎችም፣ ወንጂ ሸዋን ጨምሮ፣ ሲጠና ስለኖረ፣ የአድዋው ትምህርት ለአዋሽ ተፋሰስም ቅርብ ነው።

ሁሉም ነገር ግን በዕቃ ውስጥ ተደርጎ አይፈተንም። አንዳንዱን ነጻ ተለዋዋጭ ሰው ሊቀይረው አይችልም፤ ሌላውን ደግሞ መቀየር ኃጢአት ነው። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ከዚህ ይመደባል።

በአዳማ፣ በወንጂና በአካባቢው የበለዘ ጥርስ ያላየ ሰው የለም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ ሠራተኞቹ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተዋል። በ1970ዎቹ ሐኪሞች ከመካከላቸው አጥንታቸው የተጎዳ፣ ወገባቸው አልታዘዝ ያለ ሰዎችን በሕክምና መጽሔቶች ላይ መዘገቡ። ከዚያ ወዲህ እንደ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ያሉ ተመራማሪዎች ችግሩ በስምጥ ሸለቆው የት የት እንደሚገኝ አጥንተዋል።

ማንም ተመራማሪ ግማሹን ሕፃናት ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ አጠጥቶ ሊፈትን አይችልም፤ አይገባውምም። የሚችለው ተፈጥሮ አስቀድማ የሠራችውን ልዩነት መጠቀም ነው። የአንዱ ቀበሌ ቦኖ ከአንድ ጉድጓድ፣ የሌላው ቀበሌ ቦኖ ከሌላ ጉድጓድ ይቀዳል፤ መጠኑ ይለካል፣ የልጆቹ ጥርስ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ላይ ሐኪሙ ጆን ስኖው ኮሌራን ያጠናው እንዲሁ ነበር። ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በተመሳሳይ መንደሮች፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ ቧንቧ ዘርግተው ነበር፤ አንደኛው ከቴምዝ ወንዝ በከተማዋ ፍሳሽ ከተበከለው ክፍል፣ ሌላው ከከተማዋ በላይ ካለው ንጹሕ ክፍል ይቀዳ ነበር። ስኖው በየ10,000 ቤቱ በመጀመሪያው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ 315 ሞት፣ በሁለተኛው 37 ሞት ቆጠረ። ጎረቤታሞቹ በኑሮም በአየርም ይመሳሰሉ ስለነበር የተለያዩበት ዋና ነገር ውሃው ነበር።

ሆኖም የስምጥ ሸለቆው ጥርስ ተመራማሪውን የሚፈትንበት ጉዳይ አለው። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ነው። የ40 ዓመት ሰው ጥርስ የሚናገረው ዛሬ ስለሚጠጣው ውሃ ሳይሆን በልጅነቱ ስለጠጣው ነው። ከደጋ አድጎ ወለንጪቲ የገባ ሰው ጥርሱ ነጭ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚኖረው ደግሞ የበለዘ። ነጻውን ተለዋዋጭ ዛሬ ከቦኖው ለክቶ ጥገኛውን ከአዋቂ አፍ የሚያነብ ጥናት የሁለት ዘመን ነገሮችን ያጋባል። «የት ተወለድክ? ስምንት ዓመት እስኪሞላህ ከየት ትጠጣ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የላቦራቶሪ መሣሪያ እኩል ያስፈልገዋል።

ሌላም አለ። ከአንድ ጉድጓድ የጠጡ ልጆች ጥርስ እኩል አይበላሽም። አንዱ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ሌላው ወተት ያገኛል፣ ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ደግሞ ፍሎራይድን ይይዛል። ወተት የሚገኘው ከብት ካለበት ቤት ነው። ከብት ያለው ቤት በሌላውም ምግቡ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወተት ጥርስን ይጠብቅ እንደሆነ ሲጠና የቤቱ ኑሮ ከወተቱም ከጥርሱም ጋር ይያያዛል። እንዲህ ከነጻውም ከጥገኛውም ጋር ተሳስሮ ምስሉን የሚያደበዝዝ ነገር አደናጋሪ ተለዋዋጭ ይባላል። መፍትሔው አስቀድሞ ማሰብ፣ መጠየቅ፣ መመዝገብና ተመሳሳዮችን ከተመሳሳዮች ጋር ማነጻጸር ነው።

ፍሎራይዱ ራሱም በጥያቄው ውስጥ ቦታውን ይቀያይራል። የጂኦሎጂ ባለሙያው «የድንጋዩ ዓይነት ሲለያይ በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ምን ይሆናል?» ይላል፤ እዚያ ፍሎራይድ ጥገኛ ነው። በተቃጠለ አጥንት ከሰል ውሃ የሚያጣራው መሐንዲስም ከማጣሪያው የወጣውን ፍሎራይድ እንደ ጥገኛ ይለካዋል። ሐኪሙ ደግሞ ያንኑ ፍሎራይድ ነጻ አድርጎ ጥርስና አጥንት ያያል። ሦስቱ ተራ በተራ ሲቀመጡ ከድንጋይ እስከ ልጅ ፈገግታ የሚደርስ አንድ ሰንሰለት ይሠራሉ፤ የሰንሰለቱ መካከል ላይ ያለው ቀለበት በአንድ በኩል ውጤት፣ በሌላ በኩል መንስኤ ነው።

ርቀት ነጻ ተለዋዋጭ ሲሆን ለማየት ወደ ቆቃ መሄድ ይበቃል። በአዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ መብራት ሰጥቷል፤ በዳርቻው ደግሞ ውሃው ሲሸሽ የሚቀሩት ኩሬዎች ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በአካባቢው ያሉ ሰዎችን ከሐይቁ ባላቸው ርቀት ለይቶ አየ። እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ባሉት ዘንድ የወባ መጠን ከ3 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ካሉት 1.5 እጥፍ፣ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ካሉት ደግሞ 2.3 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ መውረዱ ነው ክብደት የሚሰጠው። አንዱ መንደር ወባ የበዛበት በሌላ ምክንያት ነው ሊባል ይችላል፤ በራቁ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄደውን ግን እንዲሁ ማስተባበል ይከብዳል። ትግራይ ውስጥ በትናንሽ ግድቦች ዙሪያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናትም ከፍታቸው ተመሳሳይ የሆኑ መንደሮችን አነጻጽሯል፤ አንዳንዶቹ ግድብ አጠገብ፣ ሌሎቹ ትንኝ በርሮ ከማይደርስበት ርቀት ላይ ነበሩ። በግድቡ አጠገብ ባሉ ሕፃናት የወባ መያዝ ሰባት እጥፍ ያህል ነበር። ከፍታው አንድ ዓይነት ባይሆን ኖሮ፣ ደጋና ቆላ መሆናቸው ራሱ አደናጋሪ ይሆን ነበር።

ርቀት ግን ማንንም አይነክስም። የሚነክሰው ትንኝ ነው። ርቀቱ በትንኝ ብዛት በኩል አልፎ ነው በሰው ላይ የሚደርሰው፤ ይህን አገናኝ ማወቅ ጥቅሙ ተግባራዊ ነው። መንደሮችን ማንሣት ከባድ ነው፤ የሐይቁን ውሃ በፍጥነት ዝቅ ማድረግ ግን ዳር ላይ ያሉትን ኩሬዎች ቶሎ ያደርቃቸዋል። በቆቃ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች የውሃው መውረድ ሲፈጥን የትንኝ እጭ እንደሚያንስ ማሳየታቸው ለግድብ አስተዳዳሪዎች አዲስ ነጻ ተለዋዋጭ አቀረበላቸው።

ከወለንጪቲ ወደ ምሥራቅ፣ መተሐራ አጠገብ፣ መልሱ በቀላሉ ያልተገኘበት የበሰቃ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ገደማ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ የግጦሽ መሬት በልቷል፣ አውራ ጎዳናውንና የባቡሩን ሐዲድ አስግቷል። የስፋቱ መጨመር ጥገኛ ተለዋዋጭ መሆኑ ግልጽ ነው። ነጻው የትኛው ነው? በዙሪያው የመስኖ እርሻ ተስፋፍቷል። ከሥሩ ፍል ውሃ ይመነጫል። ምድሩም የስምጥ ሸለቆ ምድር ስለሆነ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም በአንድ ዘመን ተከሰቱ፤ በሰቃም አንድ ብቻ ነው፤ ማነጻጸሪያ የሚሆን መንትያ ሐይቅ የለውም። ተመራማሪዎች ያላቸው አማራጭ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ በዓመት በዓመት መቁጠር፣ በውሃው ውስጥ የሚሟሟውን ጨውና ማዕድን መርምሮ ምንጩን መከታተል ነው። ጉዳዩ የከብት አርቢዎችና የእርሻ ባለቤቶች ጥያቄም ስለሆነ፣ ቸኩሎ አንዱን «ነጻ ተለዋዋጭ» ብሎ መሰየም አንድ ወገን ላይ ፍርድ መስጠት ይሆናል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከመንስኤ ወደ ውጤት የሚያመለክተው ቀስት ወደ ኋላ ይዞራል። ማዳበሪያ የሚጠቀሙ ገበሬዎች የተሻለ ምርት እንዳላቸው የሚያሳይ መዝገብ ቢገኝ፣ ማዳበሪያው ምርቱን አመጣ ለማለት ይቸኮላል። ግን ባለፈው ዓመት ጥሩ ያመረተ ነው ዘንድሮ ማዳበሪያ መግዣ ያለው። ምርት ማዳበሪያን ይስባል፣ ማዳበሪያም ምርትን። የትኛው ቀደመ የሚለውን መለየት የሚቻለው ያንኑ ቤተሰብ በተከታታይ ዓመታት በመከታተል፣ ወይም ማዳበሪያው ለማን እንደሚደርስ በዕጣ በመወሰን ነው።

ይህ ሁሉ የተመራማሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «አጎበር ካደልን ወዲህ ወባ ቀነሰ» ስትል፣ ዘንድሮ ዝናቡ ራሱ አንሶ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ርዕሰ መምህሩ «አዲሱ መማሪያ ውጤት ጨመረ» ሲል፣ ፈተናው ቀልሎ እንደሆነ መታየት አለበት። ጥያቄው ለማሳፈር አይደለም። አጎበሩ በእውነት ከሠራ፣ ዝናብ በበዛበት ዓመትም በጀት እንዲመደብለት የሚያስችለው እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው። ካልሠራ ደግሞ ድካሙ ወደሚበጅ ነገር ይዞራል።

ወለንጪቲ ላይ የነበሩት ሁለት ጎረቤታሞች ለሚመጣው ክረምት ከማሳቸው ጥግ ትንሽ ቦታ ቢተዉለት ክርክሩን ሊፈቱት ይችላሉ። ቦታው በገመድና በችካል ስምንት እኩል መደብ ይወጣለታል። አራት ወረቀት ላይ «አዲሱ»፣ አራት ላይ «የድሮው» ተብሎ ይጻፍና ኮፍያ ውስጥ ገብቶ አንድ ልጅ ያወጣዋል። በአንድ ቀን ይዘራል፣ በአንድ ቀን ይታረማል። ሰብሉ ከደረሰ በኋላ የእያንዳንዱ መደብ እህል ለየብቻው ደርቆ በአንድ ሚዛን ይመዘናል፤ አገዳውም እንዲሁ። ያ ልጅ ደግሞ በደብተሩ ላይ ዝናብ የጣለበትን ቀን ሁሉ ይመዘግባል፤ ምክንያቱም በቀጣዩ ዓመት ሽማግሌው «ባለፈው ዝናቡ ጥሩ ነበር እኮ» ማለታቸው አይቀርም፣ ያን ጊዜ ደብተሩ ይገለጣል።